የጅሬን ሸንተረር የአንድ ቀን የቡድን የእግር ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጅማ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ከፍ ብለው የሚታዩትን የጅሬን ኮረብታዎች በአንድ ቀን በእግር ለመዞር ከእኛ ጋር የሚወጡ ሰዎች ከመመዝገባቸው በፊት የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ፣ መልሶቹን እዚህ አሰባስበናል። ጉዞው የሚመራበት ሥርዓት አንድ ነው፤ አብሮ የወጣ ሁሉ አብሮ ይመለሳል። ከታች ከተሰጡት መልሶች አንዳንዶቹ ጠበቅ ያሉ ቢመስሉ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ጉዞው ከየት ተነሥቶ የት ያበቃል?

የምንሰበሰበው ፈረንጅ አራዳ ሲሆን፣ የምንነሣው ጠዋት ልክ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በጅሬን መንገድ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንወጣለን። ይህ ክፍል ብቻውን ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ የመጨረሻው ድርሻው ዳገት ነው። ከቤተ መንግሥቱ በኋላ ዋናውን መንገድ ትተን ከጉብታ ወደ ጉብታ የሚያሻግረውን የእግር መንገድ እንይዛለን። መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል፣ በቡና ጥላ ሥርና በእርሻ ድንበር ላይ እያለፈ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከተማው ደግሞ በየመታጠፊያው አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥፍት ይላል። በመጨረሻ በከተማው በኩል ባለው ቁልቁለት ወርደን ወደ ተነሣንበት ቦታ እንመለሳለን።

እስከ ቤተ መንግሥቱ በባጃጅ ሄዶ እዚያ መቀላቀል ይቻል እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። የጉልበት ሕመም ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያለው ሰው አስቀድሞ ካሳወቀ ይቻላል። ሌላው ሰው ግን ከከተማው ጀምሮ አብሮን ቢራመድ እንመርጣለን፤ የመጀመሪያው ሰዓት እግር የሚፍታታበት፣ መሪውም የእያንዳንዱን ተጓዥ አካሄድና አቅም አይቶ የቀኑን ፍጥነት የሚወስንበት ጊዜ ነውና።

ርቀቱ ምን ያህል ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

በጠቅላላው ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ እንደምንመርጠው የመመለሻ መንገድ ትንሽ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። የእግር ተጓዦች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት አንድ የሒሳብ ዘዴ አለ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ይህ ዘዴ፣ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዝ ይላል። በዚህ ስሌት የእኛ መንገድ ከ4 ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ይመስላል። ሆኖም ስሌቱ የተሠራው ሳያርፍ ለሚራመድ ብርቱ ሰው ነው፤ ዕረፍቱን፣ ምሳውን፣ የቤተ መንግሥቱን ጉብኝትና የቡድንን ዝግታ አይጨምርም። ስለዚህ እኛ ከ8 እስከ 9 ሰዓት እንይዛለን። ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ያለው ሰው ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ቢያዛውር ይሻለዋል፤ የሚቸኩል ሰው ያለበት ቡድን ሁሉም ይቸኩላልና።

በጠዋት የምንነሣበት ምክንያት ብርሃኑ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በጅማ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል። ከተማ ለመድረስ የምናቅደው ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በመካከል አንድ ሰው ቢጎዳና ግማሽ ፍጥነት ብንራመድ እንኳ ሳይጨልም እንድንገባ ሁለት ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ይኖረናል።

ከዚህ በፊት ተራራ ወጥቼ አላውቅም፤ እችለዋለሁን?

ሳያቋርጥ ሁለት ሰዓት መራመድ የሚችል ጤነኛ ሰው ይህን ጉዞ ይችላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የጅሬን ከፍታ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ልዩነት የከፍታ ሕመም የሚያመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው ሊደነግጥ አይገባውም፤ እርምጃውን አሳጥሮ በዝግታ መውጣት በቂ ነው። አብሮ ከሚሄድ ሰው ጋር ሳይቆራረጥ ማውራት ካቃተዎት በጣም ፈጥነዋል ማለት ነው።

ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል መራመድ፣ ቢያንስ አንዱን ጊዜ ደግሞ ዳገት ባለበት ሰፈር ማድረግ እጅግ ይረዳል። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ሕመሙንም ለአስተባባሪው ብቻ በምስጢር ይንገሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ተጓዥ መድኃኒቱንና ቶሎ የሚበላ ጣፋጭ ነገር ከእጁ እንዳይለይ፤ አብሮት የሚሄደው ሰውም ይህን ይወቅ።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ጅማ በአገሪቱ ካሉት እርጥብ አካባቢዎች አንዷ ናት፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ ዝናቡ በመስከረም ወዲያው አይቆምም። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የጅሬን ቀይ አፈር ውኃ ጠጥቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ያን ጊዜ ዳገቱን መውጣት ቢቻልም ቁልቁለቱ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ በክረምት ጉዞ አናዘጋጅም።

በበጋውም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ ከጉብታው አናት ፈጥነን እንወርዳለን፤ ብቻውን በቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ካፊያ ብቻ ከሆነ የዝናብ ልብሳችንን ለብሰን እንቀጥላለን። መሪው «እንመለስ» ካለ ክርክር አይኖርም። ጫፉ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀርቶ መመለስ እንደሚያስቆጭ እናውቃለን፤ ነገር ግን ጅሬን ነገም እዚያው ነው።

ወሩን ስንመርጥ ሌላም ነገር እናስባለን። በረመዳን ቡድኑ የሙሉ ቀን ጉዞ አያደርግም፤ ከተጓዦቻችን ብዙዎቹ ጾመኞች ናቸውና ውኃ ሳይጠጡ ዳገት እንዲወጡ ማድረግ አግባብ አይደለም። ቀኑ ሁልጊዜ ቅዳሜ የሚሆነውም የዓርብ ጁምዓንና የእሑድ ቅዳሴን ላለመንካት ነው።

ቡድኑ በምን ሥርዓት ይራመዳል?

ፊት መሪ፣ ኋላ ደጀን አለ። ከመሪው የሚቀድም፣ ከደጀኑም ወደ ኋላ የሚቀር ሰው አይኖርም። በአንድ ጉዞ ከ20 ሰው በላይ አንወስድም፤ ጠባብ የእግር መንገድ ላይ ከዚያ በላይ ሰልፍ ሲረዝም ፊትና ኋላ መተያየት ያቅታልና። በመነሻችን፣ ከእያንዳንዱ ዕረፍት በኋላና መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ሰው እንቆጥራለን። ቁጥሩ ካልሞላ አንድም እርምጃ አንሄድም።

በብዙ ቡድኖች ዘንድ የሚታይ፣ ብዙ ሰውንም ከእግር ጉዞ ያስመረረ አንድ ልማድ አለ። ፊት ያሉት ብርቱዎች ፈጥነው ሄደው አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ወደ ኋላ የቀረው ሰው እያለከለከ ሲደርስ «መጣችሁ? በሉ እንሂድ» ብለው ይነሣሉ። በዚህ አካሄድ ዕረፍት የሚያገኘው ዕረፍት የማያስፈልገው ሰው ነው፤ የደከመው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም ሳይቀመጥ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላም የሚወድቀው እርሱ ነው። በእኛ ዘንድ የዕረፍቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ቦርሳውን ካወረደ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ሙሉ ደቂቃ እንቀመጣለን። ከሁሉ ዝግተኛ የሆነው ተጓዥ ከመጀመሪያው ዕረፍት ጀምሮ ከመሪው ቀጥሎ እንዲሄድ ይደረጋል፤ ፍጥነቱን እርሱ ይወስናል። ይህን ስናደርግ ቡድኑ በጠቅላላው የሚዘገይ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ረጅም መጠባበቅ ስለሚቀር ቀድመን እንገባለን።

ብርቱ የሆኑትን ደጀን እንዲሆኑ እንጠይቃቸዋለን። ደጀንነት ከሁሉ ከባዱ ሥራ ነው፤ ታግሦ መራመድን፣ የደከመን ሰው ሳያሳፍሩ ማበረታታትን፣ ማን እያነከሰ እንደሆነ ከኋላ ማየትን ይጠይቃል። መሪውና ደጀኑ ፊሽካ ይይዛሉ፤ አንድ ፉጨት «ቁሙ»፣ ሦስት ተከታታይ ፉጨት «እርዳታ ያስፈልጋል» ማለት ነው። ለሽንት ወይም ለሌላ ጉዳይ ከመንገድ የሚወጣ ሰው ለደጀኑ ይንገር፤ ቦርሳውንም መንገዱ ላይ ትቶ ይውጣ። መንገድ ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ባለቤቱ አለመቀጠሉን ያሳያል።

ምን ዓይነት ጫማና ልብስ ላድርግ?

ጫማው ጥርስ ያለው ሶል ይኑረው፤ እግርዎም ይልመደው። በጉዞው ዋዜማ የተገዛ አዲስ ጫማ ከቤተ መንግሥቱ ሳይደርሱ ተረከዝን ውኃ ያስቋጥራል። ውድ የተራራ ጫማ አያስፈልግም፤ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር በደረቅ ወቅት ይበቃል። ኮንጎ ጫማ ግን እግርን ስለሚያልብና ስለሚያንሸራትት ለረጅም ቁልቁለት አይሆንም። ካልሲው ከሲንተቲክ ወይም ከሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀራል። ትርፍ አንድ ጥንድ ይያዙ።

ለመውረድ ከመጀመራችን በፊት ሁላችንም ቆመን የጫማችንን ክር እንደገና እናስራለን። ተረከዝን ወደ ኋላ መታ መታ አድርጎ ከጫማው ጀርባ ጋር ካገጣጠሙ በኋላ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ክር አጥብቆ ማሰር፣ ጣቶች ወደ ፊት ተገፍተው ጥፍር እንዳይጠቁር ያደርጋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ የቸኮለ ሰው ሳምንት ሙሉ ያስታውሰዋል። የእግር ጥፍርም በዋዜማው ይቆረጥ።

ጅሬን ላይ ጫማ አውልቆ በባዶ እግር መሄድ የሚያምራቸው ሰዎች አሉ። ለአንድ ቀን ብርቱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሚሠሩ ገበሬዎች እግራቸውን የሚያሳብጥ ዝሆኔ እንደሚይዛቸው፣ በሽታውም ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ እንደሚከለከል በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ እጅጌውና እግሩ ረጅም የሆነ ቀለል ያለ ልብስ ከፀሐይም ከሳማም ይከላከላል። ጠዋት ብርድ ስላለ ሹራብ ወይም ጃኬት፣ ለቀኑ ባርኔጣ፣ ለዝናብም ቀላል የዝናብ ልብስ ይያዙ። የምናልፈው በቤተ እምነትና በሰው ደጃፍ ስለሆነ ቁምጣና ገላን የሚያሳይ ልብስ አይመከርም። ምርኩዝ በተለይ ለቁልቁለቱ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከሰው ዛፍ ቆርጦ ምርኩዝ መሥራት አይፈቀድም።

ስንቅና ውኃ ምን ያህል ይበቃል?

ቢያንስ 2 ሊትር ውኃ፣ በሞቃት ቀን ደግሞ 3 ሊትር። በመንገድ የምናገኘውን የምንጭና የጅረት ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አንጠጣም፤ ከላይ ከብት ይጠጣበታል። ከስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ይመከራሉ፤ ሙዝ ቦርሳ ውስጥ ስለሚጨፈለቅ በዕቃ ይያዝ። ምሳን በጋራ ስለምንበላ ለሌላው የሚካፈል ስንቅ ከጾም ምግብ ቢሆን ሁሉም ሳይሳቀቅ ይቆርሳል። ሥጋ ያመጣ ሰው ለብቻው ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው።

አስተባባሪው በከረጢቱ ለምለም (በላብ የወጣውን ፈሳሽና ጨው ለመተካት በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) ይይዛል። ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መጠጣት ይቻላል። ልኩ መጠበቅ አለበት፤ ጨው የበዛበት ውኃ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ቆሻሻውን ሁሉ በፌስታል ይዘን እንመለሳለን። የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን አይጣልም።

እየተራመዱ ጫት መቃም ይቻላልን?

አይቻልም። ጫት በጅማ የብዙ ሰው ልማድ እንደሆነ እናውቃለን፤ በማንም የግል ሕይወት ውስጥም መግባት አንፈልግም። ነገር ግን ጫት ረኃብን ያስረሳል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ድካምን ይደብቃል። ድካሙን የማያውቅ ሰው ለዕረፍት አይጠይቅም፤ በድንገት ሲዝል ደግሞ የሚሸከመው ቡድኑ ነው። አልኮልም እንዲሁ የተከለከለ ነው።

በጅሬን ምን እናያለን?

ዋናው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ሲሆን፣ ለዐፄ ምኒልክ ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ለማቆየት የቻሉ ንጉሥ ናቸው። በዚህ ውስጥ የእናታቸው የእሜቴ ጉሚቲ ምክር ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይነገራል። ሕንፃው ፎቅና በረንዳ ያለው ሲሆን፣ የእንጨት ሥራው ቀረብ ብለው ቢመለከቱት ጊዜ ይወስድብዎታል። በግቢው አጠገብ መስጊድ አለ። አንዳንድ ክፍሎች በጥገና ምክንያት ሊዘጉ ስለሚችሉ የሚከፈቱበትን ሁኔታ አስተባባሪው በዋዜማው ይጠይቃል። የንጉሡን መገልገያ ዕቃዎች ማየት የሚፈልግ ሰው በሌላ ቀን ወደ ከተማው ሙዚየም ይሂድ።

ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ወደ ታች መመልከትን ለብቻው ልናነሣው እንወዳለን። ዛሬ ጅማ የተንጣለለችበት ሜዳ በዚያ ዘመን ሂርማታ የሚባለው ገበያ የሚቆምበት ነበር። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዙሪያ ነጋዴዎች ቅፍለታቸውን እየነዱ ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰቡበታል፤ ቡናው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ በዚያው ገበያም በግፍ የሚሸጠው ባሪያ ይቀርብ ነበር። ንጉሡ ከላይ፣ ገበያው ከታች ሆነው እየተያዩ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ቤተ መንግሥት በዚህ ኮረብታ ላይ ለምን እንደተሠራ ለመረዳት መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ እዚያው ቆሞ ወደ ታች ማየት ይበልጣል። በባጃጅ መጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው ይህ ያመልጠዋል፤ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰው ግን በገበያውና በግቢው መካከል ያለውን ርቀት ጉልበቱ ያውቀዋል። በዕለቱ ረዘም ያለውን ዕረፍት እዚህ የምናደርገው ለዚህ ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሲያቋርጥ፣ ከከተማው ወዲያ ደግሞ ጉማሬ የሚገኝበት የቦዬ ረግረግ ይታያል።

መንገዱ በሰው ማሳና ደጃፍ የሚያልፍ ከሆነ ነዋሪዎቹ አይቆጡም?

በሥርዓት ለሚያልፍ ሰው የጅሬን ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ ነው። በሥርዓት ማለፍ ማለት ምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርገን መናገር አለብን።

አስተባባሪው ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ለቀበሌው ያሳውቃል፤ መንገዱንም ከአካባቢው ሰው ጋር ይነጋገርበታል። ተጓዦችም መታወቂያ ይይዛሉ። በመንገድ የሚያገኙትን ሰው ቀድሞ ሰላም ማለት የእርስዎ የእንግዳው ፋንታ ነው። «አካም ጅርቱ» ማለት ከባድ አይደለም፤ ሽማግሌን «ኦቦ»፣ ትልቅ ሴትን «አዴ» ብሎ መጥራት ደግሞ አክብሮትን ያሳያል። የምንሻገረውን አጥርና መዝጊያ እንደ ነበረ እንመልሳለን። እርሻ ሲያጋጥም በድንበሩ ላይ በአንድ መስመር እንሄዳለን፤ ሃያ ሰው ጎን ለጎን ቢሄድ የአንድ ቤተሰብ ጤፍ ይተኛል።

የምንጓዝበት ወቅት የቡና መልቀሚያ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ እሸት ቡና ይለቀማል፤ ከዚያም በየደጁ በወንፊት ሽቦ አልጋ ወይም በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ጥቁር ቡኒ እስኪሆንና ሲነቀንቁት ፍሬው ከውስጥ እስኪንኳኳ ድረስ ባለቤቶቹ በቀን ብዙ ጊዜ ያገላብጡታል፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፍኑታል። የሳምንታት ድካም ነው። ስለዚህ ስጥ ባለበት ቦታ ቀስ ብለን፣ አቧራ ሳናስነሣ፣ ሳንረግጥና ሳንነካ እናልፋለን። ከዛፉ ላይ ያለውን ቀይ ፍሬ ቀጥፎ መቅመስም ቢሆን ባለቤቱን ጠይቆ ነው።

ሰው፣ በተለይም ሴቶችንና ሕፃናትን፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። ለሚከተሉን ልጆች ገንዘብና ከረሜላ አንሰጥም፤ ትምህርታቸውን ትተው መንገደኛ መጠበቅ እንዲለምዱ አንሻም። ሰው ቡና ጠጡ ብሎ ከጋበዘን፣ ጊዜ ካለን፣ በደስታ እንቀመጣለን፤ ስኳርና ቡና ከስንቃችን እናዋጣለን። አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት የጋባዡን ፊት ስለሚያጠቁር፣ ጊዜ ከሌለን ከመቀመጣችን በፊት አመስግነን ማለፉ ይሻላል።

አውሬና ነፍሳት ያስፈራሉን?

እምብዛም። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ሊታዩ ይችላሉ፤ አይመገቡ፣ አይቀረቡ። ጅብ የሌሊት ነው። እባብ ሰው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸሻል፤ እጅዎን ወደማያዩት ቁጥቋጦና የድንጋይ ሥር አያስገቡ። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ገብረ ጉንዳን ነው፤ መንገዱን እንደ ጥቁር ገመድ ሲያቋርጥ ካዩ ሳይቆሙ በረጅም እርምጃ ይሻገሩት፤ ለፎቶም ሆነ ለክር ማሰሪያ አጠገቡ አይቁሙ። የመንደር ውሻ ቢጮህ አይሩጡ፤ ባለቤቱን ጠርተው በእርጋታ ይለፉ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሕክምና መሄድ ግዴታ ነው።

አንድ ሰው ቢጎዳ ምን ይደረጋል?

አብዛኛው ጉዳት ወለምታ ነው፤ የሚደርሰውም በቁልቁለት ላይ፣ ሰው ደክሞ ወሬ ሲይዝ ነው። የተወለመውን እግር ማሸት አይፈቀድም። ጫማውን አላልቶ፣ በፋሻ ጠበቅ አድርጎ አስሮ፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። በአራት እርምጃ እንኳ መርገጥ ካልቻለ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ተሸክመን ባጃጅ ወደሚደርስበት መንገድ እናወርደዋለን። ሸንተረሩ ከከተማው ስለማይርቅ በብዙ ቦታዎች ላይ ወደ መኪና መንገድ የሚያወርድ አቋራጭ አለ፤ አቋራጮቹን መሪው አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ከባድ ለሆነ ጉዳት የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ የሚወሰደውም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። እባብ ለነከሰው ሰው ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። የተነከሰው አካል እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ፣ ሰውየውን ሳያስሮጡ በፍጥነት ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነው።

የተጎዳ ሰው ሲወርድ ሁለት ሰው አብሮት ይወርዳል፤ መቼም ብቻውን አይላክም።

ሴቶች ምን ማወቅ ይኖርባቸዋል?

በመንገዱ ላይ ከቤተ መንግሥቱ አካባቢ ውጭ መጸዳጃ ቤት የለም። ስለዚህ ከቡድኑ አስተባባሪዎች አንዷ ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ሴቶች ለእርሷ ብቻ ነግረው ሲወጡ ቡድኑ ወደ ፊት ሄዶ ይጠብቃል። የንጽሕና መጠበቂያ በድንገት የሚያስፈልጋት ሴት ካለች እርሷ ጋ ይገኛል፤ ያገለገለውም በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ይመለሳል። ነጠላ ወይም ሻርፕ መያዝ ለመስጊዱም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለፀሐይም ያገለግላል።

ልጆችንና አረጋውያንን ይዤ ልምጣ?

ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ከወላጁ ጋር መምጣት ይችላል። ለአረጋውያን የዕድሜ ገደብ የለንም፤ በእግራቸው የኖሩ የ70 ዓመት ሽማግሌ ቢሮ ከሚውል ወጣት የሚሻሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከአዲስ አበባ የምመጣ ሰው በዚያው ቀን ልደርስ እችላለሁን?

አይችሉም። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በወልቂጤ አልፎ የግቤን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል፤ ቀኑን ይፈጃል። በአውሮፕላን ቢመጡም ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት ጅማ አድረው፣ በቂ ውኃ ጠጥተውና ተኝተው እንዲነሡ እንመክራለን።

ክፍያ አለውን?

ለጉዞው ክፍያ የለም። የቤተ መንግሥቱን መግቢያ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ድርሻና ካስፈለገ ባጃጁን እያንዳንዱ ተጓዥ በጋራ ይከፍላል። ሒሳቡ በዋዜማው ይነገራል።

ከተመዘገብኩ በኋላ ብቀር ወይም ጉዞው ቢሰረዝ እንዴት አውቃለሁ?

መቅረትዎን እስከ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ድረስ በቴሌግራም ወይም በስልክ ያሳውቁ፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ቦታዎ ለሌላ ይሰጣል። ሳያሳውቅ የቀረን ሰው ጠዋት 15 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ከዚያ በላይ ግን በሰዓቱ የተገኙትን ማስቆም አንችልም። ጉዞው የሚሰረዘው ዓርብ ሌሊት ከባድ ዝናብ ከጣለ ወይም ከቀበሌው እንዳንወጣ ከተነገረን ነው። ውሳኔው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በጽሑፍ መልእክት ይደርስዎታል፤ መልእክት ካልደረሰዎት ጉዞው አለ ማለት ነው፤ ውኃዎን ሞልተው ይምጡ።